ወር ቆጥሮ የሚመጣ ሕመም

እርጥብ ጥጥ ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚነሣ አንድ ሽታ አለ። ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ብቻም አይደለም። የሳሙና ትራፊ፣ አሚዶ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጨርቅና ጥቂት ለብለብ ያለ ነገር ተቀላቅለው የሚሠሩት ሽታ ነው። ዛሬ ካውያው ሁሉ በኤሌክትሪክ ሆኖ፣ ከሰል የሚውጠው ያ ከባድ ብረት ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ከወጣ ወዲህ ሽታውም ተለውጧል። ሚጣ ግን ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ስትተነፍስ ዛሬም ታገኘዋለች። ሽታው ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ከእምብርቷ በታች የሚላወሰውን ሕመም እጁን ይዞ ያመጣዋል። ሁለቱን የተዋወቀቻቸው በአንድ ቀን ነውና።

ሚጣ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ታላቅ ወንድሟ በሕፃንነቷ ያወጣላት የቤት ስም ነው። ልብስ ሰው ሲያድግ ያጥራል፤ የቤት ስም ግን አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራትም ሚጣ ናት። እናታቸው የሞተች ጊዜ እሷ ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ አልጨረሰችም ነበር። ወንድምየው የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበረና ማለዳ ከመውጣቱ በፊት እሷን አጥቦ፣ አልብሶ፣ ጠጉሯን አበጥሮ ጎረቤት ያስቀምጣት ነበር። ጎረቤቶቹ፣ «ይህችን ልጅ ያበጠራት ወንድሟ ነው ወይስ ነፋስ?» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም፣ «እናንተ ሳቁ፤ ማበጠሪያውን ግን ማን ይዞ መጣ?» ይላል። «ወንድምጋሼ» ነው የምትለው። የማባዛት ሠንጠረዥ አስተምሯታል፤ መንገድ መሻገር፣ የጫማ ማሰሪያ መቋጠር፣ ለሰው ሰላምታ መስጠት አስተምሯታል። አንድ ነገር ብቻ አላስተማራትም፤ እሱም አያውቀውምና።

ያን አንድ ነገር የተማረችው ልብስ ማጠቢያው ቤት ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሥራ ፈት ከመሆን ብላ ጥግ ላይ ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ገባች። አብረዋት ከነበሩት ሴቶች ሁሉ ክንደ ብርቱዋን እትዬ ሳሙና ይሏታል፤ ከእጇ የሳሙና አረፋ አይለይም። ሚጣ ከእሷ ጎን ቆማ ቀዝቃዛው ገንዳ ውስጥ አንሶላ ስትጨምቅ ሆዷን አንዳች ነገር ጨመደዳት። ላብ አጠመቃት። የገንዳውን ከንፈር ይዛ ቀረች። የምትሞት መስሏት ነበር።

እትዬ ሳሙና አንድ ጊዜ አየቻት። በብብቷ አንሥታ ካውያው ጠረጴዛ ዘንድ ወሰደቻት፤ ካውያ ትተኩስ የነበረችውን ሴት በአገጯ ወደ ገንዳው ጠቆመቻት፤ ገና ትኩስ የሆነ የታጠፈ አንሶላ አንሥታ የልጅቱ ሆድ ላይ አስጠግታ፣

«ያዢው» አለቻት። «ሴት ሆንሽ እንጂ አልሞትሽም።»

በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደንብ አልነበረም፤ ነገር ግን ደንብ ነበር። ጊዜዋ የደረሰባት ሴት ማለዳ ገብታ፣ «ዛሬ ካውያውን እኔ ልያዘው» ትላለች። ካውያው ላይ የነበረችው ያለ ምንም ቃል እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ትወርዳለች። ማንም ለምን አይልም። የቤቱ ጌታ አንድ ቀን፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አቀያየራችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር ይባላል፤ እትዬ ሳሙና ባየችው ዓይን ግን ከዚያ ወዲያ ከሰል ስለ መወደዱ እንጂ ስለ ሌላ አላነሣም። ሙቀቱ ሆድ ያላላል፤ ጠረጴዛው መደገፊያ ይሆናል፤ እንፋሎቱ ደግሞ የሰው ፊት ይሸፍናል። ከዚህ የተሻለ ሕክምና ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

ልዩነቱ ይህ ነበር፤ ሌሎቹ ካውያውን ለአንድ ቀን ይይዙና በማግስቱ እየዘፈኑ ወደ ገንዳቸው ይመለሳሉ፤ ሚጣ ግን ይዛው ትሰነብታለች። ሌሎቹ ይዘውት ይቀልዳሉ፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ትተኩሳለች። ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ሥራ ገባች፤ ዓመት ዓመትን ወለደ፤ ትዳር ያዘች። ልጅ ሳይመጣ ቀረ፤ ትዳሩም ደኅና ያልተነከረ ቀለም እንደሚለቅ ቀስ በቀስ፣ ያለ ጠብ፣ ለቀቀ። በዚህ ሁሉ መካከል ያ ሕመም ወሩን እየቆጠረ ይመጣል። ዕዳ ጠያቂ እንኳ እንደሱ ቀን አያከብርም። ሚጣ ግን በሽታ ብላው አታውቅም። ዓይኗ ቡናማ እንደሆነ፣ ቁመቷ አጭር እንደሆነ፣ ሕመሙም የእሷ ነበር።

በሽታ ያለችው በኋላ የመጣውን ነው። በቀኝ ጎኗ፣ ከሽንጧ ዝቅ ብሎ፣ ጣት የሚያህል ቦታ መጠዝጠዝ ጀመረ። ሄድ መለስ ሲል ከርሞ አንድ ቀን አስመለሳት፤ ወንድምጋሼም ሰማ። ጡረታ ወጥቶ ነበር። አውቶቡስ መንዳት የተወ ሰው የሚነዳው ያጣል፤ እሱም ያን ጊዜ ሚጣን መንዳት ጀመረ። ማልዶ መጥቶ በሯን አንኳኳ፤ «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት» አላት፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ ላይ ከጎኗ አልጠፋ።

ቀዶ ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በሚጣ ዕድሜ ያለ ሰው ነበር። የጠረጴዛው መስተዋት ሥር የልጆቹ ሥዕል አለ፤ መስኮቱ ደግሞ ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል።

«የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ወፍ ከእሷ ትሻላለች» አለ ወንድሟ።

«እንቅልፍስ?»

«ስታቃስት ታድራለች ይላሉ ጎረቤቶቿ።»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይቅርታ ጋሼ፤ ታማሚው ማን ነው?»

«እሷ ናት። እኔ አፏ ነኝ።»

ሚጣ ሳቀች፤ ስትስቅ ጎኗን ወጋትና ሳቋን ዋጠችው። ሐኪሙም ያን አይቶ ወደ እሷ ዞረ። «ይሄ ሕመም የሚመጣበት ጊዜ አለው? እንዲሁ ነው ወይስ የሆነ ነገር ጠብቆ ነው?»

አፏን ከፈተች። ቃሉ እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከጎኗ ያ ጠጉሯን ያበጥር የነበረ ሰው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ልጅ ሳለች የራሷን ልብስ አጥባ ስታሰጣ እሱ ከግቢ ለመውጣት ሰበብ ይፈልግ ነበር፤ እሷም ለጊዜዋ ከሱቅ የምትገዛውን ዕቃ በሁለት ወረቀት ጠቅልላ ታስገባ ነበር። ዝምታው ከመካከላቸው እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ ኖሯል፤ ሽማግሌ ደግሞ ተነሥ አይባልም።

«እንዲሁ ነው» አለች። «ይመጣል፤ ይሄዳል።»

«ሸክም ነው ዶክተር!» አለ ወንድምጋሼ። «ከሆቴል የሚመጣው እርጥብ አንሶላ ጥጃ ያህላል። አትሸከሚ ብዬ ብዬ ምላሴ ፀጉር አወጣ!»

ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ምስል ብርሃን ላይ አደረገው። «ይህች ትርፍ አንጀት ናት» አለ በብዕሩ እየጠቆመ። «የሕፃን ጣት ነው ማከል የነበረባት። እዚህ ሥሯ ላይ አብጣ ጠጥራለች። ተራ የትርፍ አንጀት ቁጣ አይመስልም። ዕጢ ሊሆን ይችላል።»

«ዕጢ ማለት… ያ?» አለ ወንድሟ። ስሙን አልጠራውም።

«ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በምስል ብቻ መለየት አይቻልም። ገብተን እናያለን። ክፉ ከመሰለን ትርፍ አንጀቷን ብቻ አይደለም፤ ከትልቁ አንጀት የቀኙን ክፍል ጨምረን እናወጣለን። ከባድ ነው፤ ማገገሙም ረጅም ነው። ክፉ ከሆነ ግን ግማሽ መንገድ ላይ መቆም አይቻልም።»

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ወንድምጋሼ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራ፤ ስለ አዲሶቹ አውቶቡሶች ጠባብ መቀመጫ አወራ፤ የዛሬ ነጂዎች ፍሬን እንደሚያቃጥሉ አወራ። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷት መነጽሩን ደጋግሞ ጠረገ። ሚጣ መነጽሩ ቆሽሾ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጊዜዋ ደረሰ። ቀኝ ጎኗን ይዛ ሥራ ገባችና፣ «ዛሬ ካውያውን እኔ ልያዘው» አለች። እትዬ ሳሙና አሁን ጠጉሯ ሸብቷል፤ ገንዳውም በማሽን ተተክቷል፤ እሷ ግን ማሽኑን አታምነውም፤ ከማሽን የወጣውን አንገትጌ ሁሉ ደግማ በእጇ ታሻለች።

«ለቀዶ ጥገና ቀን የተቆረጠላት ሰው ቤቷ ትተኛለች እንጂ አንሶላ ትተኩሳለች?» አለቻት።

«ቤት ብተኛ የማየው ግድግዳ ነው።»

«ግድግዳስ ምን በወጣው!» ትንሽ አየቻትና ድምፅዋን ቀነሰች። «ደርሶብሻል አይደል?»

«አዎ።»

«ያ ቀኝ ጎንሽስ?»

«እሱም ዛሬ ብሶበታል።»

እትዬ ሳሙና የያዘችውን ሸሚዝ ጨመቀችው፤ ከዚያ መጭመቁን ተወች። «ያ ያስመለሰሽ ቀን፣ ካውያው ላይ አልነበርሽም እንዴ?»

ሚጣ አሰበች። ነበረች። ከዚያ በፊት ባለው ወር ጎኗን ይዛ ወንበር ላይ የተቀመጠች ቀንም ካውያው ላይ ነበረች። ካውያውን ማቆሚያው ላይ አቆመችው። ሁለቱ ሴቶች በእንፋሎቱ ውስጥ ተያዩ።

«ይሄን ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«ይሄ በሽታ ነው እንዴ? የሴት ነገር ነው።»

«የሴት ነገር ሁሉ ጤና ነው ያለሽ ማነው?»

«አንቺ!»

እትዬ ሳሙና ከት ብላ ሳቀች። «እኔማ ለዚያን ቀን ነው ያልኩሽ፤ ለዕድሜ ልክ መቼ አልኩሽ?»

«ወንድምጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።»

«እሱ ታዲያ ከሴት አልተወለደም?»

«አንቺ ደግሞ! እንዴት አድርጌ ነው እሱ ፊት የምለው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሆድ ይፍጀው ሲባልም ሰምቻለሁ።»

«ይኸው እየፈጀው ነው!» አለች እትዬ ሳሙና፤ እርጥብ እጇን ወደ ሚጣ ሆድ እየቀሰረች። «አንጀትሽን ቆርጠው ከሚጥሉት ኀፍረትሽን ቆርጠሽ ጣዪ።»

ሚጣ ኀፍረቷን ቆርጣ ልትጥል አስባ ነበር ሐኪም ቤት የገባችው። የተኛችበት ክፍል ንጹሕ ነበር፤ አራት አልጋ፣ በየአልጋው መካከል ሰማያዊ መጋረጃ፣ መስኮቱ ሥር ማሞቂያ። የአንሶላውን ጠርዝ በጣቷ ስታሸው አተኳኰሱን አልወደደችውም፤ በችኮላ የተተኮሰ ነው። ወንድምጋሼ ከአልጋዋ ግርጌ ቦርሳውን አስቀምጦ እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር።

የጉብኝት ሰዓት ሆኖ ቀዶ ሐኪሙ ከወዲያኛው አልጋ ሲደርስ ሚጣ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ወንድምጋሼ፣ እስቲ ውኃ ገዝተህልኝ ና።»

«ውኃ? ይኸውልሽ።» ከቦርሳው አወጣ።

«ለስላሳ ወረቀት ረስቻለሁ።»

«ሁለት ጥቅል ይዣለሁ።»

«ፎጣ…»

«ትልቁንም ትንሹንም።»

«ጋዜጣ አማረኝ እኮ!»

«አንቺ? ጋዜጣ?» ወንድምጋሼ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መለዋወጫ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ ጋዜጣ መዘዘና ሰጣት። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ሐኪሙ መጣ፤ ሆዷን ጫን ጫን አድርጎ ዳሰሰ። «ጥያቄ አለሽ?» አላት።

ወንድሟ በሁለት እጁ የአልጋውን ብረት ይዞ ያያታል። «የለኝም» አለች።

በማግስቱ ጧት ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተው ወሰዷት። ወንድምጋሼ የአልጋውን ዳር ይዞ በረጅሙ ኮሪደር አብሯት ሄደ፤ አንዱ መንኰራኵር ሲንቋቋ፣ «ይሄ ዘይት ይፈልጋል» አለ ለሚገፋው ሰው። ቀይ መስመር የተሰመረበት በር ጋ ሲደርሱ ነርሷ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ አይቻልም» አለችው። እጁን ከብረቱ ላይ ለማንሣት ጥቂት ጊዜ ፈጀበት። በሩ በመካከላቸው ተወዛውዞ ተዘጋ።

ሚጣ ከዚህ በፊት በማታውቀው አኳኋን ብቻዋን ነበረች። ጣሪያው ነጭ ነው፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሐኪሙ አፉን ሸፍኖ፣ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ፣ አጎነበሰላት። ቃሉ ያን ጊዜ ወጣ። እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቅም።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ጊዜ አለው ወይ ብለው ጠይቀውኝ አልነበር? አለው። በወር አበባዬ ነው የሚመጣው። እሱ ሲጀምር ይጀምረኛል፤ ሲያቆም ይተወኛል። ጎኔ ገና አሁን ነው፤ ሆዴ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ካውያ ይዤ ነው ያደግሁት።»

«ካውያ?»

«ለሙቀቱ።»

ሐኪሙ ቀና አለ። «ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አልመጣም።»

ወደ ጎን ዞሮ፣ «የማኅፀን ሐኪሟን ጥሩልኝ፤ ከመጀመሬ በፊት ትድረስ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ። «ደግ አደረግሽ። ካንሰር አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ገና አላውቅም። ግን ስገባ ምን ብዬ መፈለግ እንዳለብኝ ነግረሽኛል። ያን ቀን ብቻሽን አድርጌ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ለወንድሜ ግን እንዳይነግሩብኝ» አለች ሚጣ፤ ማደንዘዣውም ወዲያው ወሰዳት።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማችው። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ነበር። ትርፍ አንጀቷ ጠጥራ፣ ተኮማትራ፣ ሥሯ ተድቦልብሎ፣ ላያት ሁሉ ዕጢ ነበር የምትመስለው። ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን ሳያውቅ ቢያያት ኖሮ ትልቁን ቀዶ ጥገና ለመጀመር አያመነታም ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ሐኪሞች ካሜራውን ዝቅ አድርገው ወደ ማኅፀኗ ዙሪያ ሲመለከቱ፣ ተደጋግሞ ታጥቦ ያልለቀቀ የቆየ እድፍ የመሰሉ ጠቋቁር ነጥቦች እዚህም እዚያም ተረጭተው አገኙ። ስለዚህ ትርፍ አንጀቷን ከነሥሯ ብቻ አውጥተው፣ እሷ እንደተኛች፣ ናሙናው በአስቸኳይ እንዲታይ ላኩት። «ካንሰር አላየሁበትም፤ ሙሉውን ግን ተረጋግቼ ካየሁት በኋላ ነው የምነግራችሁ» የሚል መልስ ከናሙና መርማሪው መጣ። ቀዶ ሐኪሙ አንጀቷን እንዳለ ትቶ ዘጋ።

ሙሉው መልስ እስኪመጣ ሚጣ ቤቷ ተኛች። ግድግዳውን አየች። እትዬ ሳሙና እየመጣች የልብስ ማጠቢያውን ወሬ ታወራላታለች፤ ስታስቃት ደግሞ፣ «አትሳቂ፣ ስፌትሽ!» ብላ ትቆጣታለች። ወንድምጋሼ ሾርባ ያመጣል። ሾርባው ጨው ይበዛበታል፤ እሷም ትጠጣዋለች። ማታ ማታ ብቻዋን ስትሆን «አላየሁበትም» የሚለውን ቃል ትገለባብጠዋለች። አላየም ማለት የለም ማለት ነው? ልብስ አጣቢ ናትና፣ እርጥብ ሳለ ያልታየ እድፍ ሲደርቅ ብቅ እንደሚል ታውቃለች።

የቀጠሮው ቀን ወንድምጋሼ ዘግይቶ መጣ፤ ዘግይቶ አያውቅም። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ከጎኗ ሲቀመጥ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ትንሿ ናት!» አለ። ትንሿ የመጨረሻ ልጁ ናት፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ የገባችው። «ሆዴን ብላ ከአልጋ አልወርድም አለች። ባለፈው ወርም ሆዴን። ከዚያም በፊት ሆዴን። ትምህርት የሚያስጠላት ሆዷን ነው እንዴ? ብርድ ልብሱን ገፍፌ ነው ያስነሣኋት። ስትሄድ ብታያት እንዲህ ጎብጣ፣ ግድግዳ ይዛ፣ የሰማንያ ዓመት አሮጊት! ቲያትር ቤት ብትገባ ይሻላታል።»

ሚጣ ወንድሟን አየችው። ክፋት የለበትም፤ ማለዳ ልጁን ቀስቅሶ ትምህርት ቤት የላከ አባት ነው። አንዳች ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት ስሟ ተጠራ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ ነበር። ሚጣን አየ፤ ወንድሟን አየ፤ ማደንዘዣው ሊወስዳት ሲል የነገረችውን አደራ ያልረሳ ሰው ነበርና ወረቀቱን አጠፈው።

«ጋሼ፣ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ቢቆዩልን?»

ወንድምጋሼ ከወንበሩ በግማሽ ተነሣ። ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ክፉ ነገር ቢሆን ነው ውጣ የሚያሰኘው ብሎ አሰበ። ሚጣ ኮቱን ያዘችው።

«ይቀመጥ፣ ዶክተር። እሱ ባለበት ይንገሩኝ። ሁሉንም።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው መጀመሪያ ዋናውን። ካንሰር አይደለም። ሙሉው ታይቷል፤ አንድም ቦታ ላይ የለም።»

ወንድምጋሼ ወንበሩ ላይ ወረደ። ሚጣ አላለቀሰችም፤ የወንድሟን ኮት ከያዘችበት ለቀቀች።

«ታዲያ ያ ያበጠው ምንድን ነው?» አለ ወንድሟ።

«ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የሴት ልጅ ማኅፀን ውስጡን የሚሸፍነው ነገር አለ። በየወሩ ያድግና የወር አበባ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ሴት ላይ ያንኑ የሚመስል ነገር ከማኅፀን ውጭ ይበቅላል። ወር ሲደርስ እሱም እንደ እናቱ ያብጣል፤ ይደማል፤ ግን መውጫ የለውም። እዚያው ይቆስላል፤ ይጠጥራል። የእህትዎ በሆዷ ውስጥ ብዙ ቦታ አለ፤ አንዱ ትርፍ አንጀቷ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ነው ዕጢ መስሎ የታየን። እዚያ መግባቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ትርፍ አንጀቷ ወጥታለች፤ የቀረውን የማኅፀን ሐኪሟ ትከታተላለች፤ የሚያስታግስ መድኃኒት አለው።»

ወንድምጋሼ ወለሉን ያይ ነበር። የወር አበባ የሚለው ቃል በእሱና በእህቱ መካከል ሲነገር ይኸው የመጀመሪያው ነው፤ ጣሪያውም አልወደቀም።

ሐኪሙ ብዕሩን አንሥቶ ሚጣን፣ «ለማኅፀን ሐኪሟ ልጽፍላት ነው፤ ሕመሙ በትክክል ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

ሚጣ ፊቷን ወደ ሐኪሙ አላዞረችም። ወደ ወንድሟ ነው ያዞረችው። «ከዐሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ። በየወሩ። ሰው ሰነፍ እንዳይለኝ እነሣ ነበር እንጂ መነሣት አልችልም ነበር፣ ወንድምጋሼ። ግድግዳ ይዤ ነበር የምሄደው።»

ወንድምጋሼ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«በዘር ይሄዳል?»

«በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ በላይ ሴት ላይ ይታያል፤ አዎ። የሆድ ሕመም ሁሉ ይኼ ነው ማለት አይደለም። ግን በየወሩ አልጋ ላይ የሚያስቀር ከሆነ፣ ልጅቷ ወጣት ናት ተብሎ መተው የለበትም። መታየት አለበት። ለምን ጠየቁኝ?»

ወንድምጋሼ ተነሣ። ወንበሩ ወለሉን ፋቀው። ሰዓቱን አየ፤ መስኮቱን አየ።

«ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በዚህ ሰዓት ይዘገያል» አለ ለራሱ። «የትንሿ ትምህርት ቤት ድረስ በእግር ይሻላል።»

የሐኪሙን እጅ አልጨበጠም። እህቱንም ቆይ አላላትም፤ ተነሺ አላላትም። በሩን ከፍቶ ወጣ።